የመጋረጃ ሰቃዩ ሰዓቶች

ልጅቷ በሕይወቷ ሰው ጠልታ አታውቅም፤ ቤት ግን ጠላች። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ያለ ነጭ ቤት ነው፤ የጥርስ ሐኪሟ ቤት። የጠላችውም በመስኮቶቹ ብዛት ነው። ሐኪሟ መጀመሪያ የሳሎኑን መጋረጃ አዘዘች። ቀጥላ የእንግዳ ክፍሉን፣ የደረጃውን፣ የወጥ ቤቱን። አንድ ቀን ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት ልክ ሲመጣላት፣ ልጅቷ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣

«ይሄ ቤት ግድግዳ የሚባል ነገር አልተፈጠረበትም እንዴ?» አለች።

ልኩን ይዞ የመጣው ሰው ሳቀ። ያናደዳትም ሳቁ ነው።

እሷ መጋረጃ ሰፊ ናት፤ እሱ ደግሞ መጋረጃ ሰቃይ። እሷ ከስፌት መኪናዋ አትነሳም፤ እሱ መሰላሉን ተሸክሞ ከሰው ቤት ሰው ቤት ይዞራል፣ መስኮት ይለካል፣ እሷ የሰፋችውን ይሰቅላል። በስፌት ቤቱ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሰቃዩ ነው። የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴትዮ፣ ገና የተቀጠረ ዕለት «እንግዲህ ሰቃይ ሁን እንጂ አሰቃይ እንዳትሆን» ብለው ስቀውበታል። ለሌላው ሰው ቀልድ ነበር። ለልጅቷ ግን ትንቢት ሆነ።

የተዋወቁትም በዚያው ዕለት ነው። ረጅም የመጋረጃ ጨርቅ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። «ና እስቲ አንተ አዲሱ፣ ጫፉን ያዝልኝ» አለችው። ያዘላት። አንዱ ከዚህ ጥግ፣ አንዱ ከዚያ ጥግ ሆነው ጫፍ ከጫፍ ለማገናኘት ተራመዱ፤ ጨርቁ በታጠፈ ቁጥር መንገዱም አጠረ። በመጨረሻ ጣቶቻቸው ተነካኩ። ሁለቱም ቶሎ አልለቀቁም።

«ሌላ የሚታጠፍ የለም?» አላት።

አልነበረም። «አለ» አለችና የታጠፈውን መልሳ ዘረጋችው።

ሁለቱም ለአገሩ እንግዳ ናቸው፤ የያዙት ፈቃድ ቀን ተቆርጦለታል። በቋሚነት ለመኖር የሚፈልግ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ በደመወዝ መሥራቱን ለኢሚግሬሽን ማሳየት አለበት። ሙሉ ቀን የሚሠራ በዓመቱ ይገላገላል። በእትዬ ስፌት ቤት ግን ለሁሉም የሚበቃ ሥራ ስለሌለ ልጅቷም ሰቃዩም የሚሠሩት ግማሽ ቀን ነው። ግማሽ ቀን ደግሞ በግማሽ ይቆጠራል፤ የእነሱ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። በችኮላም አይሞላም፤ በሳምንት ከሠላሳ ሰዓት በላይ የሠራ ሰው ትርፉ ለወገብ ሕመም እንጂ ለፈቃድ አይሆንም።

«እኔ በእናቴ ቆጠራ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል» ይላት ነበር ሰቃዩ ምሳ ሲበሉ። «በእነሱ ቆጠራ ግን ገና አሥራ አምስቴ ነው።»

«ታዲያ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ምን ቆርጦት ነው አጠገቤ የሚቀመጠው?»

«ልቤ ሙሉ ቀን ነው የሚሠራው።»

እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ምሳውን መብላት ይቀጥላል። እሷም አንገቷን ደፍታ ዳቦዋን ትቆርሳለች፤ ጆሮዋ ግን እስከ ጫፉ ይቀላል።

ሰዓት ሲቆጠር እሷ ቀድማ ስለጀመረች ጫፉ ይታያታል። የእሱ ነገር ግን ከበደ። ሌላውን ግማሽ ቀን አንድ የቤት ዕቃ መገጣጠሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ከሁለት ቦታ የተሠራው ስለሚደመር ተስፋው ለምልሞ ነበር። ያ ድርጅት ሲዘጋ የእትዬ ግማሽ ብቻ ቀረው። በዚህ አካሄድ ቆጠራው ሳይሞላ ፈቃዱ ሊያልቅበት ነው።

የጥርስ ሐኪሟ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። የምትሠራው እዚያው ሰፈር ካለ ክሊኒክ ሲሆን የአገሩ ተወላጅ፣ ያላገባች፣ የቤት ባለቤት ናት። መልኳ ደህና ነው፤ ጥርሷማ የሙያዋ ማስታወቂያ ነው። እትዬ ትእዛዟን ሲያዩ እጃቸውን አፋተጉ። ለልጅቷም ለሰቃዩም ሰዓት መጣ ማለት ነው። ልጅቷ የሐኪሟን ጨርቅ በመርፌ ሥር ስታሳልፍ ሰዓቷ ይሞላል፣ ሆዷ ይቃጠላል። የምትቀናባት ሴት እንጀራዋን የምትሰጣት ሴት ሆና አረፈችው። ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ደግሞ እሱ ከዚያ ቤት ሲመለስ ወሬው አያልቅም። ሐኪሟ እንዲህ አለች፣ ሐኪሟ እንዲህ አሳቀችኝ። ልጅቷ ክር በጥርሷ እየበጠሰች «እሺ» ትላለች። ያቺ «እሺ» ከስድብ ትከፋለች፤ እሱ ግን መጋረጃ እንጂ ሴት የማንበብ ችሎታ አልነበረውም።

አንድ ጠዋት ሰቃዩ የሐኪሟ መኪና ውስጥ ሲገባ በመስኮት አየችው። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ አያወራም። በማግስቱም አያወራም። ፈገግ ለማለት ይሞክርና ፊቱን ያዞራል። ልጅቷ እንቅልፍ አጣች፤ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ አድራ በሦስተኛው ቀን መሰላሉ ሥር ያዘችው።

«ምን አድርጋህ ነው?»

ራሱን ነቀነቀ።

«አፍህን ዘግታ ነው የላከችህ? ንገረኛ! ምን ወሰደችብኝ?»

ሰቃዩ ግራ ቀኝ አየና አፉን ከፈተ። ከኋላ በኩል አንድ መንጋጋ ጎድሏል። ጉንጩ አሁንም እንዳበጠ ነው።

«ይኸን ወሰደችብሽ» አላት እየተኮላተፈ።

እትዬ ከውስጥ ሆነው ሰምተው ኖሮ ሳቃቸውን ለቀቁት። ልጅቷም ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ማታ ለአክስቷ ስትነግራት ግን አክስቷ አልሳቀችም። አብረው የሚኖሩት በአንዲት ክፍል ነው፤ አንዳቸው ከአንዳቸው የሚደብቁት ቦታ የላቸውም።

«የኔ እናት» አለቻት አክስቷ፣ «ቅናት ጨው ነው። ትንሹ ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ግን ያስተፋል።»

«እኔ እኮ አልቀናሁም።»

«አልቀናሽም። እንዲያው ትራሱን ለምን እንደምትደበድቢው ልጠይቅ ብዬ ነው።»

የቀረው የሐኪሟ መኝታ ቤት ነበር። ሐኪሟ ከሁሉ ያማረውን ጨርቅ መረጠች፤ ወተት የመሰለ፣ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ውሃ የሚያመልጥ። ልጅቷ እሱን ስትሰፋ በየክሩ አንድ ሐሳብ ሰፋች። ይህን መጋረጃ ማለዳ የሚከፍተው ማነው? ማታስ የሚዘጋው? ተሰፍቶ ተሰቀለ። በማግስቱ ስልክ መጣ፤ መጋረጃው በአንድ ስንዝር አጥሯል። ሆን ብላ ነው እንዳይባል ስትቆርጥ ልኩን ደጋግማ አይታለች፤ በስህተት ነው እንዳይባል ደግሞ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ መጋረጃ አጥሮባት አያውቅም። እጇ ይወቀው።

እትዬ ተቆጡ። «ሁለታችሁም ሄዳችሁ እዚያው አስተካክሉት! የሰው መኝታ ቤት ራቁቱን ያድራል እንዴ?»

ሄዱ። ሐኪሟ በሩን ራሷ ከፈተች። «አንቺ ነሽ እንዴ የምትሰፊው? ግቢ የኔ እህት፣ እጅሽ ይባረክ» አለቻት። ምርቃት እንዲህ የሚያቃጥል ነገር መሆኑን ልጅቷ ያን ቀን አወቀች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከታች በኩል ጥልፍ ያለበት ሰፊ ጠርዝ ትቀጥል ጀመር። ሰቃዩ መሰላሉ ላይ ነበር። መሃል ላይ ወርዶ፣ ወደ ወጥ ቤት አለፈ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ብርጭቆ አወጣ፣ ውሃ ቀድቶ ጠጣ፣ አለቅልቆ መለሰው።

ልጅቷን መርፌው ጣቷን ወጋት። አላመማትም። ያመማት ሌላ ነው።

እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እየቀደመችው ተራመደች። አግዳሚው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ግን አልቻለችም።

«ብርጭቆው የት እንዳለ አወቅህ።»

«ምን?»

«ብርጭቆው! ሳትጠይቅ ቁም ሳጥኑን ከፈትክ።»

«ስሠራ ይጠማኛል እኮ። በመጣሁ ቁጥር ልጠይቃት?»

«አዎ፣ ጠይቃት! እንግዳ ይጠይቃል። ሳይጠይቅ የሚከፍት የቤቱ ሰው ነው።»

ሰቃዩ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። የመሰላሉን እግር ሲነካካ ቆየና፣

«አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ስፈራ ነው የከረምኩት» አለ። «ፈቃዴ ሊያልቅ መሆኑን ነግሬያት ነበር። ባለፈው ሳምንት ጠርታኝ፣ ‹እኔ ባል የለኝም፤ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እንፈርም፤ ፈቃድህን ስትይዝ እንለያያለን› አለችኝ።»

አንድ አውቶቡስ መጣና ሄደ። የእነሱ ነበር። ማናቸውም አልተነሱም።

«አንተስ ምን አልክ?»

«ላስብበት አልኩ።»

እምቢ ቢል ኖሮ ታቅፈው ነበር። እሺ ቢል ደግሞ ታለቅስ ነበር። «ላስብበት» የምትባለው ቃል ግን መሃል ላይ ቆማ እንደ እሾህ ወጋቻት።

«አስበህ ጨረስክ?»

«አንቺን ሳልጠይቅ እንዴት እጨርሳለሁ? ቆጠራው እንደማይሞላ ታውቂያለሽ። ከሄድኩ መመለሻ የለኝም። ምን ትያለሽ?»

ምን ትበል? አታድርገው ብትል ከአገር ልታስወጣው ነው። አድርገው ብትል ለዚያች ለወተት መጋረጃ አሳልፋ ልትሰጠው ነው። እሱ ራሱ እንዲለው የፈለገችውን ነገር በእሷ አፍ ሊያስብላት መሆኑ ደግሞ ከሁሉ በላይ አንገበገባት። ብድግ አለች።

«አግባት።»

«የምርሽን ነው?»

«የምሬን ነው! እሷ በአንድ ፊርማ የምትሰጥህን እኔ በሁለት ዓመት ስፌት አልሰጥህም። አግባት፤ ብርጭቆውም የት እንዳለ አውቀሃል።»

በእግሯ ሄደች። ከኋላዋ እንደሚከተላት እርግጠኛ ነበረች። መሰላሉን ተሸክሞ መሮጥ እንደማይችል ትዝ ያላት ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድ ስፌት ቤት እንደ ጎረቤት ድመቶች ኖሩ። እሱ ልኩን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ትቶ ይወጣል፤ እሷ የተሰፋውን በሩ አጠገብ ትታ ትቀመጣለች። ረጅም ጨርቅ ሲመጣ እትዬን «ይያዙልኝ» ትላለች፤ እትዬም ወገባቸውን ይዘው እያጉረመረሙ ያጥፋሉ። ልጅቷ ሌላ መላ ስላጣች በሥራ ተጠመደች፤ እትዬ አንድ ትልቅ ትእዛዝ ይዘው ስለነበር ከጠዋት እስከ ማታ ሰፋች።

«ትርፉ እኮ አይቆጠርልሽም» አለቻት አክስቷ፣ እግሯን በሞቀ ውሃ እያሸችላት። «ከሠላሳው በላይ ከንቱ ነው አላልሽኝም?»

«ለፈቃድ ብዬ አይደለም።»

«እሱንማ አውቄያለሁ። ላለማሰብ የሚሠራውንም የሚቆጥር የለም ማለቴ ነው።» ሙቅ ውሃ ጨመረችና፣ «አጎትሽ በሕይወት እያለ ስንት ቀን አኩርፌው እንደነበር ዛሬ ብቆጥረው ያመኛል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ነቅዞ አይቻለሁ» አለቻት።

ልጅቷ ትራሷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የልጅቷ ቆጠራ በእነዚያ ሳምንታት ሞላ። አመለከተች፤ ከብዙ ጥበቃ በኋላም ፈቃዷ መጣ። እትዬ እልል አሉ። ሰቃዩ ከበሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «አመሰግናለሁ» አለችው። ዓይን ለዓይን ሊጋጩ ሲሉ ሁለቱም ጨርቁን አዩ። ያን ቀን ስለ ሠርጉ ልትጠይቀው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። መቼም ተፈራርመዋል፤ ወንድ ልጅ ከውሃና ከገደል መካከል ቢቆም ድልድዩን ይመርጣል ብላ ደመደመች።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ የጥርስ ሐኪሟ ራሷ ስፌት ቤት መጣች። እትዬ የሉም። ልጅቷ ወንበር ሰጠቻት፤ እሷ ግን መቀሷን ይዛ ቆመች።

«መጋረጃ ልታዝዢ ነው?»

«መስኮት ጨረስኩ» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ። «ስለዚያ ስለ ግትሩ ልጅ ነው የመጣሁት። ፈቃዱ እያለቀ ነው፤ ሻንጣውን ሸክፏል። እኔን አልሰማኝም፤ አንቺ ምከሪው።»

«ለምን ይሸክፋል? አላገባሽም እንዴ?»

«እኔን?» ሐኪሟ ሳቀች። «የመኝታ ቤቱን መጋረጃ ባስተካከላችሁ በማግስቱ ነው መጥቶ እምቢ ያለኝ። ለምን ስለው ‹ሚስት አለችኝ› አለኝ። መቼ አገባህ ብለው ‹ገና ነው፤ ለጊዜው አታናግረኝም› አለኝ።»

ልጅቷ መቀሱን አስቀመጠች።

ሐኪሟ ልትሄድ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር አለች፤ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፍቶ ነበር። «እውነቱን ልንገርሽ? መታጠቢያ ቤቱ መጋረጃ አያስፈልገውም ነበር። የመስኮቱ መስታወት ራሱ አያሳይም።»

ስለዚህ ቅናቷ እብደት አልነበረም። ልጅቷ ይህን ስታውቅ ልትናደድ ይገባት ነበር፤ ነገር ግን ያቺን የተዋበች ሴት ትከሻዋን ሰብራ መንገዱን ስትሻገር ስታያት፣ ሐኪሟም እንደ እሷ መሰላል የተሸከመ አንድ ሰው ከመስኮት ስታይ የከረመች መሆኗ ገባትና ሆዷ ባባ።

ሰቃዩ ያን ቀን የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ መጋረጃ እየሰቀለ ነበር። ልጅቷ ስትደርስ ከመሰላሉ ጫፍ ላይ ነው፤ አፉ ብሎን ሞልቷል።

«ውረድ» አለችው።

«እም?»

«ካልወረድክም እዚያው ስማኝ። ‹ሚስት አለችኝ› ያልከው ማንን ነው?»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። «የምታኮርፍ አንዲት አለች።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አግባት ካለችኝ ሴት በር ላይ ሄጄ አላገባኋትም ብዬ ልለምን? እኔም እኮ ልብ አለኝ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ታኮርፋለች አልኩ። ከዚያ ፈቃድሽ መጣ። ያኔ ደግሞ ይባስ አፈርኩ።»

«የምን እፍረት?»

«ያኔ ብመጣ ለማን መጣሁ ትያለሽ? ለአንቺ ወይስ ለፈቃድሽ?»

ልጅቷ የመሰላሉን እግር በሁለት እጇ ያዘች። «አግባኝ» አለችው።

አዳራሹ ባዶ ስለነበር ቃሉ አስተጋባ። እሱ እዚያው ላይ ቆሞ ቀረ።

«ከእሷ እምቢ ያልኩትን ከአንቺ ልቀበል? ነገ ተነስተሽ ‹ለወረቀቱ ብለህ ነው› ብትዪኝስ?»

«እላለሁ» አለች ልጅቷ። «ራሴን አውቃለሁ። በተጣላን ቁጥር እላለሁ። አርጅተን ጥርስህ ሁሉ ካለቀም በኋላ እላለሁ። አንተ ርቀህ እኔ ልበ ሙሉ ከምሆን ግን አጠገቤ ሆነህ ስቀና ብኖር ይሻለኛል።»

ሰቃዩ ወረደ። መጨረሻው መርገጫ ላይ ሲደርስ ቁመታቸው እኩል ሆነ።

«አንድ ነገር ቃል ልግባልሽ» አላት። «አገባሻለሁ። በአንቺ ባልነት መሥራትና መቀመጥ ከቻልኩ ይበቃኛል። ቋሚውን ፈቃድ ግን በራሴ ሰዓት ነው የማመጣው። ግማሽም ቢሆን፣ እስኪሞላ እቆጥራለሁ።»

«ግትር ነህ።»

«አንቺስ?»

በዚያው ወር ተጋቡ። አክስቷ አለቀሰች፤ እትዬ የሙሽራዋን ልብስ ሰፉላት፤ ከጥርስ ሐኪሟ ትልቅ የአበባ እቅፍ መጣ። ልጅቷ አበባውን ከመሃል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ሰቃዩ ሁለት ጊዜ ሲያየው ግን ወደ ጥግ አዛወረችው።

ሰቃዩ ቃሉን ጠበቀ። ሰው ሁሉ «በሚስትህ አመልክትና ተገላገል» ቢለውም በግማሽ ቀኑ ቀጠለ። በክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ይቀንሳል፤ ሆቴል ወይም ትምህርት ቤት ሲያዝዝ ይሞላል። ልጅቷ እንዳለችውም ሆነ፤ በተጣሉ ቁጥር «ለወረቀቱ ነው!» ትለው ነበር። እሱም «ወረቀቱማ ገና ነው፤ ሌላ ምክንያት ፈልጊ» ይላታል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሞላ። አመለከተ። ተቀባይነት ማግኘቱን ሰምቶ ፈቃዱን ሊቀበል ወደ ኢሚግሬሽን የሄደ ዕለት፣ ልጅቷ ከሥራ ቀድማ ቤቷ ገብታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን መጋረጃውን ገልጣ መንገዱን ትመለከት ጀመር። እስከዛሬ በአገሩ ያስቀመጠችው እሷ ናት፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ማንንም አይፈልግም። የትም መሄድ ይችላል። ከማንም ጋር። ፀሐይዋ ከጎረቤቱ ጣራ በታች ወረደች። አልመጣም። ልትደውል ስልኳን አነሳች፤ አስቀመጠች። ደግማ አነሳች።

በሩ ተከፈተ። ሰቃዩ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

«ወረፋው ገደለኝ» አለ። ከዚያ ፊቷን አየ። «ምን ሆነሻል? አለቀስሽ እንዴ?»

«ሰጡህ?»

«ሰጡኝ።»

«እንግዲህ ነፃ ነህ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማንም አያስፈልግህም።»

ሰቃዩ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ተነስቶ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ራሱን ጉልበቷ ላይ አደረገ።

«አያስፈልገኝም» አላት። «ስለዚህ ዛሬ ቤት የመጣሁት ፈልጌ ነው።»

ልጅቷ እጇን ፀጉሩ ውስጥ ከተተች። ከደጅ ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል፤ ጎረቤት አንድ ሰው ሬዲዮ ከፍቷል። እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ድምጿን ሰማ።

«ወረፋው ላይ ከፊትህ ማን ነበር?»

«አንዲት አሮጊት።»

ፀጉሩን ማሻሸት ቀጠለች። ትንሽ ቆየች።

«ስንት ዓመት ይሆናታል?»